አባትሽን አልሞታል

አማርኛን የተማርኩት ልጅ ሳለሁ፣ ከምድጃ ዳር፣ ከአንድ ሽማግሌ አፍ ነው። ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ ከፍ ብሎ ካለው ተረተር ላይ ነበር፤ ዛሬ እንጅባራ የሚባለውን ከተማ ያኔ ኮሶበር ነበር የምንለው። በቤታችን የሚነገረው አገውኛ ነው። አማርኛ የገበያና የዳኛ ቋንቋ ነበር፤ እናቴ ትሰማዋለች፣ አባቴ ሲቸግረው ይናገረዋል፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ግን ከአያ ቸኮል በቀር የሚያስተምረን አልነበረም። አያ ቸኮል የእናቴ አጎት ናቸው። በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው ደብረ ማርቆስና ከዚያም ወዲያ ብዙ ዓመት ቆይተው፣ ሲያረጁ ሚስትም ልጅም ሳይኖራቸው ተመልሰው እኛ ቤት ገቡ። ቀን ቀን እንደ ማንኛውም ሰው በአገውኛ ይቆጣሉ፣ በአገውኛ ይመርቃሉ፤ ማታ ተረት ሲይዙ ግን ምላሳቸው ሳያስቡት ወደ አማርኛ ይዞራል።

አገራችን ብርድና ጉም የማይለየው ስለሆነ እንጨቱ መቼም በደንብ አይደርቅም። እሳቱ እስኪያያዝ ቤቱን ጭስ ይሞላዋል፤ ሁላችንም ዓይናችንን እያሸን፣ እየሳልን፣ ፍሙ እስኪቀላ እንጠብቃለን። ከዚያ ኩራዟ ከቀርከሃው ግድግዳ ላይ ትንጠለጠልና አያ ቸኮል ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ተረቶቻቸው አብዛኞቹ በሕልም ይጀምሩ ነበር። አንድ ንጉሥ ሕልም አለመ ይላሉ፤ አንዲት ድሀ ልጅ ተኝታ ሳለ አለመች ይላሉ፤ ያለመው ሁሉ ደግሞ ሲነጋ ተነሥቶ ወርቅ ወይም የጠፋ ወንድሙን ያገኛል። ስለዚህ ያኔ ለእኔ ማለም ማለት ዓይንን ጨፍኖ መልካም ነገር ማየት ነበር። ቃሉ ሌላ ፊት እንዳለው አላወቅሁም፤ የማውቅበትም መንገድ አልነበረም፤ አያ ቸኮል ስለ ጠመንጃ አያወሩም ነበርና። ወታደር ሳሉ በተኩስ ስማቸው የተጠራ ሰው እንደነበሩ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እሳቸው ጥይት የሚተኮስበት ተረት እንኳ አልነበራቸውም።

ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ገብሱ በሚታጨድበት በኅዳር ወር፣ ከእናቴ ጋር ኮሶበር ገበያ ወረድን። እናቴ ድንቿን ልትሸጥ ስትሄድ እኔን ጨው ከምትሸጥ እትዬ አዛለች ከምትባል ሴት ዘንድ አስቀመጠችኝ። እትዬ አዛለች ከደቡብ ጎጃም የመጣች ናት፤ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አታውቅም። ጥቂት እንደተቀመጥን ግራና ቀኙን አየችና፣ የጨው ስባሪ መዳፌ ላይ እያኖረች ጎንበስ አለች።

«ስሚኝ ልጄ። እናትሽን ሰው እያየን ላናግራት አልችልም፣ የነሱ ወገኖች እዚህ አሉ። ለአባትሽ ንገሪው። የተገኘ ልጅ አልሞታል በዪው። እንዲሁ እንዳልኩሽ፣ ቃሉን ሳትለውጪ።»

«አባቴን?»

«አዎ፣ አባትሽን አልሞታል።»

ጨዉን እየላስኩ ተስማማሁ። ደስም አለኝ። የተገኘ ልጅ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ተኝቶ አባቴን በሕልሙ አይቷል፤ በአያ ቸኮል ተረት ውስጥ እንዲህ የታለመ ሰው ደግሞ ሀብት ይመጣለታል። ተረተሩን እየወጣን ለእናቴ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መልእክቱ የአባቴ ነውና ከአፌ እንዳይጠፋ በልቤ እየደጋገምኩ ዝም አልኩ።

ማታ እራት ቀርቦ ሁላችንም ገበታውን እንደከበብን፣ ቃሉን ሳልለውጥ፣ በአማርኛ፣ እንደ ተረት ነጋሪ ቀጥ ብዬ ተናገርኩ።

«አባዬ፣ እትዬ አዛለች ልካኛለች። የተገኘ ልጅ አልሞዎታል።»

የአባቴ እጅ ከገበታው ላይ ቆመ። እናቴ የያዘችውን ዋንጫ ከጭኗ ላይ ደፋችው፤ ልብሷ ሲረጥብ እንኳ ወደ ታች አላየችም። እኔ ግን የዝምታቸው ትርጉም አልገባኝምና ጨመርኩበት።

«ምን አይነት ሕልም ነው? መልካም ነው አይደል?»

የሳቀ የለም። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሣና በሩን ዘጋ፤ ከውስጥ በግንድ ደገፈው። ከመተኛታችን በፊት በሩ ሲደገፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው። እናቴ ወንድሜን ወደ ጭኗ ሳበችው። «አያ ቸኮል፣ ለልጅቱ ይንገሯት፤ እኔ አልችልም» አለች።

አያ ቸኮል ፍሙን በዱላቸው ቆሰቆሱ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ። እኔ ሳልወለድ የአባቴ ታላቅ ወንድም ገረመው፣ ተገኘ ከሚባል ጎረቤቱ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ገደለው። ገረመው ወደ መተከል ቆላ ሸሽቶ በንዳድ ሞተ። ገዳዩ ሲሞት ደሙ በአባቴ ላይ ወደቀ። ተገኘ አንድ ትንሽ ልጅ ነበረው፤ ስሙ ታከለ ይባላል፤ እናቱ የባሏን ምንሽር ጠመንጃ ከጣራው ሥር ሰቅላ፣ በየጊዜው እያወረደች ቅባት እየቀባች አሳደገችው። አሁን ልጁ አድጓል።

«ታዲያ ሕልሙስ?» አልኩ።

«ሕልም አይደለም፣ ይታይሽ» አሉ ስሜን ጠርተው። «ሕልም የሚያልም ሁለቱንም ዓይኑን ይጨፍናል። ሰው የሚያልም አንዱን ብቻ ነው የሚጨፍነው።»

ይህን ብለው ዱላቸውን አነሡና ጫፉን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ኩራዟ ቀሰሩት። ሌላውን ጫፍ ከጉንጫቸው አስጠጉ፤ ግራ ዓይናቸው ተጨፈነ። አያ ቸኮል ውኃ ሲጠጡ እንኳ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ግማሹን በጢማቸው ላይ የሚያፈሱ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ ግን ዱላው ቅንጣት አልተነቃነቀም። ያኔ የፈራሁት የተገኘን ልጅ አልነበረም፤ እሱን አላየሁትም። የፈራሁት ያን የማውቀውን ሽማግሌ በማላውቀው ፊት ተቀምጦ ማየቴን ነው።

«ይበቃል!» አለች እናቴ።

ዱላውን አወረዱት። እጃቸው እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንድሜ አለቀሰ፤ እሱን ለማባበል ይሁን ወይም ራሳቸውን ለማስታገስ አላውቅም፣ ተረት ጀመሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕልም ያልጀመረ ተረት ነበር።

በጥንት ዘመን፣ አሉ፣ ዘንገና ዳር የሚኖር አንድ ሰው ደመኛ ነበረው። ደመኛው ጠዋት ጠዋት ፈረሱን ሊያጠጣ ከሐይቁ ማዶ ይወርዳል። ሰውየው ከዚህ ማዶ ጫካ ውስጥ ተደብቆ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያልመዋል። አንድ ቀን ጉሙ ከውኃው ተነሥቶ ይጋርድበታል፤ ሌላ ቀን ፈረሱ ይከልልበታል። ሰውየው ግን አልሰለቸም፤ በጋም ክረምትም እየመጣ ያልማል። በመጨረሻ አንድ ጥርት ያለ ጠዋት ተኮሰ፤ ደመኛውም ወደቀ። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የተጨፈነው ዓይኑ አልከፈት አለ። በጠበል ታጠበ፤ በሐይቁ ውኃ ታጠበ፤ ዓይኑ እንደተዘጋ ቀረ። በቀረው ዓይኑ ደግሞ የሚያየው ሁሉ፣ ሚስቱም ላሙም፣ ከጠመንጃው አፈሙዝ ጫፍ ላይ ቆሞ ይታየዋል። ልጆቹ ሊስሙት ሮጠው ሲመጡ እንዲያ ሆነው ታዩት። እነሱም ፊቱን ሲያዩ ጮኸው ወደ ጫካው ሸሹ።

«ተመለሱ?» አለ ወንድሜ።

አያ ቸኮል ሁልጊዜ ተረታቸውን በምርቃት ነበር የሚጨርሱት። ያን ማታ «ልጄ፣ እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ጭስ ራሱ አስፈሪ ሆነብኝ። እንጨቱ ሲጤስ ሰው ሁሉ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እናቴ እሳቱን ጎንበስ ብላ እፍ ስትል፣ አባቴ ፊቱን ሲያዞር፣ ወንድሜ እንኳ፣ አንዱ ዓይናቸው ተዘግቶ ባየሁ ቁጥር ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። በመንደራችን አንድ ዓይኑ የጠፋ ደግ ሽማኔ ነበር፤ በሩቁ ሳየው አጥር እየዘለልኩ እሸሸው ነበር። ምስኪኑ ሰው ምን እንዳደረገኝ እስኪሞት አላወቀም።

አባቴ ለጥቂት ቀን ከቤት አልወጣም። ገብሱ ግን ታጭዶ ማሳ ላይ ተከምሯል፤ ዝናብ ቢመታው የዓመት ምግባችን ነው የሚበሰብሰው። አንድ ጠዋት እናቴ ነጠላዬን ራሷ አስራልኝ ወደ በሩ ገፋችኝ።

«አብራህ ትሂድ» አለችው። «ሴት ልጅ ከአጠገብህ እያለች አይደፍርም። ነውር ነው፣ ዘር ያሰድባል።»

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «ልጄን ጋሻ አድርጌ ልሂድ?»

«ገብሱን ማን ያስገባልህ? ወይስ እዚሁ ተቀምጠን በረሃብ እንለቅ?»

«እሷን ቢመታትስ?»

እናቴ ነጠላዬን እንደገና አጠበቀችው። በኋላ ሳድግ ያን ጠዋት ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ልትገፋኝ የቻለችው እንዴት እንደሆነ ሳይሆን፣ ገፍታኝ እስክንመለስ እንዴት እንደቆየች።

ከዚያ በኋላ አባቴ በሄደበት ሁሉ ከኋላው እሄዳለሁ። ሥራዬ ጀርባውን መሸፈን ነበር፤ ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም፣ ግን አውቄዋለሁ። የቀርከሃው ቅጠል በነፋስ በተንሿሿ ቁጥር ዞሬ አያለሁ። ወፍ ስትነሣ ዞሬ አያለሁ። አንገቴ ከመዞር ብዛት ማታ ማታ ያመኝ ነበር። አባቴ አንዳንዴ እጁን ወደ ኋላ ይሰድና ጭንቅላቴን ዳስሶ መኖሬን ያረጋግጣል።

ታኅሣሥ ሳይገባ፣ አባቴ ጥሊሊ መንገድ ላይ ከምትኖር እህቱ ዘንድ ዘር ሊያመጣ ተነሣ። ፈረሱን ጭነን ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነበር። መንገዱ በዘንገና ጫካ ዳር ያልፋል። ሐይቁ ከታች በክብ ጉድጓዱ ውስጥ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል፤ ጉሙ ከውኃው ላይ ቀስ እያለ ይነሣ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ደጋግሜ ወደ ኋላዬ እያየሁ ነበር። ኋላችን ባዶ ነበር። ፈረሱ ድንገት ሲቆም ግንባሬ ከአባቴ ጀርባ ጋር ተጋጨ።

ሰውየው ከፊታችን ነበር።

ከአንድ የኮሶ ዛፍ ተደግፎ ቆሟል። እንደ ጎልማሳ ጠብቄው ነበር፤ ጢሙ እንኳ በደንብ ያልወጣ ወጣት ነው። ጠመንጃው ከጉንጩ ተጣብቋል። ግራ ዓይኑ ተጨፍኗል።

አባቴ አልጮኸም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይታይሽ፣ ከፈረሱ ጀርባ ሁኚ» አለኝ። ከዚያ እስከ ዛሬ የምገረምበትን ነገር አደረገ። የፈረሱን ልጓም ለቀቀ፣ ጋቢውን ከትከሻው ጣለ፣ ከእኔም ከፈረሱም ርቆ ወደ ጎን፣ ወደ ገላጣው ሣር እየተራመደ ሄደ። ጥይቱ እኔን እንዳያገኝ መንገዱን እየጠረገለት ነበር። አፈሙዙም ቀስ እያለ ተከተለው።

ያን ጊዜ የማደርገውን አስቤ ያደረግሁት ቢመስል ውሸት ይሆናል። ብቻ ጮህኩ፤ ከአፌ የወጣውም በተረቱ ቋንቋ፣ በአማርኛ ነበር።

«ዓይንህን ክፈተው! ተዘግቶ ይቀራል! ልጆችህ ይሸሹሃል! ክፈተው!»

ድምፄ ሐይቁን ዞሮ ተመለሰ። ታከለ ደነገጠ መሰለኝ፤ የተጨፈነው ዓይኑ ተከፈተ። በሁለት ዓይኑ አየኝ። ሁለት ዓይን ያለው ተራ ሰው ፊት ነበር፤ የደከመ፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት።

«ምን ማለቷ ነው?» አለ በአገውኛ። የጠየቀው አባቴን ነበር፤ ሊገድለው ያለመውን ሰው።

ፈረሱ አሽካካ። የጠመንጃው አፈሙዝ ወደ መሬት ወረደ፤ ታከለም የዛፉ ሥር ላይ ቁጭ አለ።

«ውሰዳት» አለ። «ሂዱ።»

መንገዱ አንድ ብቻ ነበርና በፊቱ ማለፍ ነበረብን። ጉልበቱ ሊነካኝ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በአጠገቡ አለፍኩ፤ የጠመንጃ ቅባት ሸተተኝ። ከዚያ ጀርባችንን ሰጥተነው ሄድን። አባቴ በጥርሱ መካከል «አትዙሪ» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያች መንገድ የረዘመብኝ የለም። የቀሚሴ ጨርቅ በጀርባዬ መካከል፣ በአንዲት ቦታ ላይ፣ ሲነካኝ ይሰማኝ ነበር፤ ጥይቱ እዚያ ጋ እንደሚገባ እርግጠኛ ነበርኩ። ከመታጠፊያው አልፈን ጫካው ሲጋርደን አባቴ ተንበርክኮ አቀፈኝና በአንገቴ ሥር አለቀሰ። አባቶች የሚያለቅሱ አይመስለኝም ነበርና ከጠመንጃው ይልቅ ያ አስፈራኝ።

ሲነጋ አያ ቸኮል ዱላቸውን ብቻ ይዘው፣ ማንንም ሳያስከትሉ ወደ ታከለ ቤት ሄዱ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «እርስዎንስ ቢገድልዎት?» ስትላቸው፣ «የእኔን ዕድሜ ገድሎ ምን ያተርፋል?» ብለው አለፉ። ምን እንዳሉት አልነገሩንም። በኋላ ግን ቄሱና ሽማግሌዎቹ ገቡበት፤ ነገሩ እየተጓተተ፣ እየተቋረጠ፣ ከጥምቀት በኋላ እርቁ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከጥድ ዛፎቹ ሥር ተደረገ። አባቴ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ቀረበ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ አየሁ።

ቄሱ ታከለን «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት። ቄሱ በጠየቁት በአማርኛ ቀስ ብሎ መለሰ።

«እናቴ ጠመንጃውን ካሳየችኝ ጀምሮ ተኝቼም አልመዋለሁ፣ ነቅቼም አልመዋለሁ። ደከመኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ቃሉን ሁለቱንም ጊዜ ሰማሁት፤ በሁለቱም ፊቱ ገባኝ። ታከለ ድንጋዩን ከአባቴ ትከሻ በእጁ አወረደው፤ መስቀሉን ሳሙ። እናቱ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ቄሱ መስቀሉን ይዘው ያለችበት ድረስ ሄዱላት፤ ፊቷን ወደ ግንዱ አዞረች። ያቺን ሴት ያየ ሁሉ እርቁ በግማሽ መቅረቱን ያውቅ ነበር። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሮ በአልጋው ሞቷል፣ ታከለም አግብቶ ወልዶ ከእኛ ጋር ጠላ ይጠጣ ነበር። እናቴ ግን የሴትየዋን ፊት መርሳት ስላልቻለች፣ በዚያው ዓመት እኔን ዳንግላ እህቷ ዘንድ ላከችኝና ትምህርት ቤት ገባሁ።

ዳንግላ ጥቂት ዓመት ከተማርኩ በኋላ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አጭር ቃል ጽፎ «ኤይም» ብሎ አነበበልን። አንደኛው ትርጉሙ ማነጣጠር ነው አለ፤ ጠመኔውን ወደ መስኮቱ ቀስሮ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ሳላውቀው ከአግዳሚው ላይ ተንሸራትቼ ወደ ታች ወርጄ ነበር። ሁለተኛው ትርጉሙ ዓላማ ነው አለ፤ ሰው በሕይወቱ ሊደርስበት የሚያስበው ነገር። ከዚህ ቃል በኋላ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይከተላል፤ ወይ ሰው፣ ወይ ቦታ፣ ወይ ሥራ፤ እንዲሁ በባዶው አይቆምም ብሎ አስረዳን። ከዚያ በተራ ዓላማችንን ጠየቀን። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ አውሮፕላን ነጂ፣ አንዷ ነርስ አሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ ቆምኩና የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ወደ ኋላዬ ሳልዞር መሄድ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህሩ ጥያቄው ያልገባኝ መስሎት በትዕግሥት «ቁጭ በይ፣ በኋላ አስረዳሻለሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ሄዷል። መምህርት ሆኛለሁ፣ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ለልጅ ልጆቼ የአያ ቸኮልን የሕልም ተረቶች እነግራለሁ፤ ያን አንዱን ግን ተናግሬው አላውቅም። ከገበያ ስመለስ ሰው ከኋላዬ ከመጣ አሁንም መንገድ ዳር ቆም እልና ነጠላዬን የማስተካክል መስዬ አሳልፈዋለሁ። ልጆቼ እናታችን ስታረጅ ቀስ ማለት አበዛች ይላሉ። ልክ ናችሁ እላቸዋለሁ። በዚያ ክፍል ቆሜ የተናገርኩት ዓላማ ግን እስከ ዛሬ አልተሳካልኝም።